«ያው ነው»

ዛሬ ሦስተኛው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ) ነው። ሦስተኛው! ከቱሉ ዲምቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ፣ ከሶማሌ ተራ ቱሉ ዲምቱ። በታክሲ ሰልፍ። ሁለት በሯ የስፖርት መኪናዬ ሆዷ ተከፍቶ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ከተኛች ወር ሊሞላት ነው።

የመጀመሪያው ብሎኑን አላሳልፍ አለ። «ያው ነው» ተብዬ ነው የገዛሁት። ሁለተኛው ገጠመ። ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ላስቀምጥ ስል ጎንበስ ብዬ አየሁት። የውሃውን መተላለፊያ ግማሹን ሸፍኖታል። እሱም «ያው ነው» ነበር። ከምን ጋር ነው ያው የሚሆነው? ከሲኖትራክ ጋር?

ወንድሜ፣ ይሄ የበር ላስቲክ አይደለም! ውሃን፣ ዘይትንና እሳትን የሚያለያይ ነገር ነው። አሮጌው ሲቃጠል አይቼዋለሁ። የዘይቱን ክዳን ስከፍት ውሃና ዘይቱ ተቀላቅለው ማኪያቶ ጠበቀኝ። ስኳር ብቻ ነው የቀረው። ብሎኖቹ እንኳ ዝም ብለው አይጠብቁም፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር ነው። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ የማጠብቀው ለ«ያው ነው» ነው?

(ጋራዥ ውሰዳት የምትሉኝ፣ «ስፖርት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ዋጋውን በስንት እንደሚያባዙት ታውቃላችሁ።)

የዛሬው ግን እሽግ ነው። ቁጥሩም ትክክል። እጄን ታጥቤ፣ በክብር ከፈትኩት። የሲሊንደር ቀዳዳዎቹን ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የኔ ሞተር አራት ሲሊንደር ነው!

ለሻጩ ደወልኩ። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አባቴ፣ አንዷ ቀዳዳ ናት እንጂ ሌላው ያው ነው።»