ቅንጣቶቹን የሚያሰልፋቸው መሳሳብ ሳይሆን ቅርጻቸው ነው
አስተያየት የምሰጥበት ጽሑፍ በኮሎይድ (ጥቃቅን ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ ተበትነው በሚገኙበት ድብልቅ) ውስጥ ያሉ ዘንግ መሰል ቅንጣቶች በአንድ አቅጣጫ የሚሰለፉት እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ ነው ሲል ዋናውን ምክንያት፣ ማለትም ቅርጽን፣ ወደ ጎን ይተወዋል። ሳይንቲስቱ ላርስ ኦንሳገር በ1949 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ረዣዥምና ቀጫጭን ቅንጣቶች ምንም ሳይሳሳቡ፣ አንዱ የያዘውን ቦታ ሌላው ሊይዘው ስለማይችል ብቻ፣ ክምችታቸው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ኔማቲክ ወደሚባለው፣ አቅጣጫቸው አንድ ሆኖ ቦታቸው ግን ያልተደረደረበት ሥርዓት ይሸጋገራሉ፤ በአቅጣጫ ነፃነት የሚያጡት ኢንትሮፒ (ቅንጣቶቹ ሊቀመጡ የሚችሉባቸው መንገዶች ብዛት መለኪያ) በሚያገኙት የመንቀሳቀሻ ቦታ ይካካሳል። በዚህ ዘርፍ ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። 300 ናኖሜትር ርዝመትና 18 ናኖሜትር ውፍረት ያለው የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በውሃ ውስጥ ፈሳሽ ክሪስታል (እንደ ፈሳሽ የሚፈስ፣ ቅንጣቶቹ ግን የተሰለፉበት ሁኔታ) እንደሚሠራ በ1936 ታይቷል፤ እንዲህ ያሉ ቫይረሶች ርዝመታቸው አንድ ዓይነት በመሆኑ በንብርብር የሚደረደሩበትን ስሜክቲክ የተባለውን ሥርዓትም ሊሠሩ ይችላሉ፣ ርዝመታቸው የተለያየ ዘንጎች ግን ለዚህ ይቸገራሉ። ከእኔ በፊት አስተያየት የሰጡት አንባቢ ቅንጣቶቹ ድቡልቡል ቢሆኑስ ብለው ለጠየቁት፣ ድቡልቡሎች የሚሰለፉበት ረጅም ጎን ስለሌላቸው ኔማቲክ አይሠሩም፤ ከድብልቁ ይዘት ግማሽ ያህሉን ሲይዙ በቀጥታ ወደ ክሪስታል ይሄዳሉ። እንደ ጊብሳይት (የአሉሚኒየም ማዕድን) ያሉ ዝርግ ቅንጣቶች በበኩላቸው ኔማቲክን ብቻ ሳይሆን፣ በመሶብ ላይ እንዳለ እንጀራ እየተደራረቡ የሚቆሙበትን የዓምድ ሥርዓት ይሠራሉ። የኤሌክትሪክ ቻርጅና በውሃው ውስጥ ያለው ጨው የቅንጣቶቹን ውጤታማ ውፍረት እንደሚለውጡ አልክድም፤ መሳሳቡ ሲበረታ ግን ቅንጣቶቹ ብዙውን ጊዜ ከመሰለፋቸው በፊት ተጣብቀው ይረጋሉ።