እንኳንም ትምህርት ቤት ኖረልን

ለእኛ ለአዋቂዎች ሞቅ ያለ ጭብጨባ ይገባናል። የልጆችን ምግባር ማን ያርቀው የሚለውን ከባድ ጥያቄ በአንድ ቃል ተገላገልነው፦ ትምህርት ቤት! ልጅ ዋሸ? አስተማሪዎቹ ምን ይሠራሉ? ልጅ ተሳደበ? ግብረ ገብ በቅጡ ስላልተማረ ነዋ! ስድቡን ከማን አፍ ሰማው ብሎ መጠየቅ ነገር ፍለጋ ነው።

በተለይ የሥራ ክፍፍላችን ያስቀናል። ትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ እውነት ያስተምራል። የተግባር ልምምዱን እኛ ቤት ውስጥ እንሰጣለን፤ ያውም በነፃ። አባት ገና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አንድ እግር ካልሲ አጥልቋል። ስልኩ ይጮሃል። «ደርሻለሁ፣ ደርሻለሁ፣ መኪና ማቆሚያ አጥቼ ነው!» ሌላኛውን ካልሲ ከአልጋ ሥር የሚፈልግለት ልጁ ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት በየትኛው መጽሐፍ ይገኛል?

ፈተናውማ አይነሳ! «ታማኝ ተማሪ በፈተና ጊዜ ምን ያደርጋል? ሀ) ይኮርጃል ለ) ያስኮርጃል ሐ) የራሱን ይሠራል።» ከፊት ያለችው ልጅ ሐ ብላ ጻፈች። ከኋላዋ ያለው አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና እሱም ሐ አለ። ሁለቱም ደፈኑ። ታማኝነት በክፍሉ ተዳረሰ ማለት አይደል?

ይህን ደስታችንን ሊያደፈርሱ የሞከሩ አልጠፉም። ሃርትሾርንና ሜይ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን የመኮረጅ፣ የመዋሸትና የመስረቅ ዕድል እየሰጡ አዩ። አንዱ ቦታ ጨዋ የነበረው ሌላው ቦታ ይኮርጃል። ትክክለኛውን ማወቅና ትክክለኛውን ማድረግም እምብዛም አይተዋወቁም። እኛ ግን በዚህ የምንደናገጥ አይደለንም። የግብረ ገብ መጽሐፉ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨመርንበት።

ራስን መግዛት ላይም እንደዚሁ ነን። ልጅን ጣፋጭ ፊት አስቀምጦ «ሳትበላ ከጠበቅከኝ ሁለት ታገኛለህ» የሚለውን ታዋቂ ሙከራ ሁላችንም እንወደዋለን፤ ጥፋቱ የልጁ ስለሆነ። የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን መጀመሪያ ለልጆቹ ጥሩ የሥዕል ዕቃ እናመጣለን ብለው ቃል ገቡ። ለግማሾቹ አመጡ። ለግማሾቹ «ይቅርታ፣ የለም» አሉ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ የተሸወዱት 3 ደቂቃ። እንግዲህ እነዚህ የ3 ደቂቃ ልጆች ትዕግሥት ይጎድላቸዋል እንበል እንጂ፣ ሒሳብማ ያውቃሉ።

ደግነቱ የወላጆች ስብሰባ የሚባል ነገር አለ። አጀንዳው የተማሪዎች ሰዓት አለማክበር ሲሆን፣ ወላጅ እስኪሟላ ድረስ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ከዚያ አንድ አባት ብድግ ይላሉ። የዛሬ ልጅ ሰው አያዳምጥም ብለው ሲያማርሩ ከኋላ ወሬው ስለደራ ድምፃቸው በቅጡ አይሰማም። በመጨረሻ ልጆች ስልክ ይዘው እንዳይገቡ የሚል ሐሳብ ይቀርባል። በሙሉ ድምፅ ያልፋል። ግማሹ ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ፣ ምን ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ ጎኑ ያለውን ጠይቆ ነው እጁን ያወጣው።