ለክቡር የመግባቢያ ሰነድ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአበባ ማስቀመጫ ተወክዬ ስለ መጎብኘቴ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ተራ ጠባቂዎችዎ ደህና ነን፤ ቁጥራችን እስኪጠራ ተቀምጠናል።

በሁለት ወዳጅ አገራት መካከል የንግድና የኢኖቬሽን ትብብርን ያጠናክራሉ ተብለው ከተፈረሙበት ቀን ጀምሮ ጤናዎን በዜና ስከታተል ኖሬያለሁ። ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ሁለት የቆዳ ማኅደር። ከኋላ ቆመው ገጽ የሚገልጡት ሁለት ወጣቶች ሳይቀሩ አይረሱኝም። ፊርማው አለቀ፣ ማኅደሮቹ ተለዋወጡ፣ እጅ ለእጅ መጨባበጥ ሆነ፤ ካሜራው "አንዴ ይደገምልን" አለና ተደገመ። በእርስዎ ዙሪያ ከታቀደው በላይ የተፈጸመ ብቸኛው ተግባር እሱ ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ትኩስ ነገር ነው። የምሠራው መሣሪያ መሬት ውስጥ የተቀበረ የውሃ ቧንቧ የት ጋ እንደሚያፈስ በድምፅ ይለያል። በአንድ እጅ የሚያዝ ሳጥን ነው። ወዳጅ አገር በሚካሄደው የንግድና የኢኖቬሽን ፎረም ላይ እንዳቀርበው ተጋበዝኩ። የግብዣው ደብዳቤ በኩራት የሚጠቅሰው እርስዎን፣ ያውም አንቀጽ አራትዎን ነው፦ ተዋዋይ ወገኖች የኢኖቬሽን ናሙናዎች በጊዜያዊነት የሚገቡበትን ሁኔታ እንደ አስፈላጊነቱ ለማመቻቸት ጥረት ያደርጋሉ። አነበብኩት፤ አስፈላጊ ሆኖ ታየኝ፤ ሳጥኑን ይዤ ተነሳሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጉምሩኩ ሠራተኛ ሳጥኑን አገላብጦ "ለሽያጭ ነው?" አለኝ። "የለም፣ ለኤግዚቢሽን ነው፤ አብሮኝ ይመለሳል" አልኩ። "እንደሚመለስ በምን አውቃለሁ?" አለ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፤ ሰውዬው ደመወዝ የሚከፈለው ይህንኑ እንዲጠይቅ ነው። መልሱን ማዘጋጀት የነበረበት እሱም እኔም ሳንሆን እርስዎ ነበሩ። ስልኬን አውጥቼ አንቀጽ አራትን ቃል በቃል አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ "ጥሩ ነው፣ ግን ወደ እኛ አልወረደም" አለኝ።

አልወረደም! ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ በፊርማና በማኅተም መሆኑን ግን የዚያን ሌሊት ነው ያወቅኩት። እስኪወርዱ ድረስ የቀረጡን ያህል ዋስትና በዚያው አገር ገንዘብ፣ በጥሬው፣ ባንክ በተዘጋበት ሰዓት ላስይዝ ተጠየቅኩ። ሳጥኔ መጋዘን ገባ። እኔ ደረሰኝ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ስሜ በትልቁ የተጻፈበት ጠረጴዛ ጠበቀኝ፤ በላዩ ምንም የለም። የፕሮቶኮል ኃላፊዋ እየተጣደፈች መጣችና "ጌታዬ፣ ዕቃው የታለ?" አለች። ነገርኳት። ጠረጴዛውን አየች፣ ካሜራዎቹን አየች፣ "ባዶ ጠረጴዛ ፎቶ ላይ አያምርም" ብላ ሄደች። ስትመለስ ከመድረኩ ጥግ ያነሳችውን አበባ ከነማስቀመጫው ይዛ ነበር። መሐል ላይ አኖረችው፣ አንዷን ቅጠል አቃናች፣ "አሁን ተስተካከለ" አለች።

የክብር እንግዶቹ መጡ። መሐል ያሉት ትልቁ ሰው ጎንበስ ብለው አበባውን ከላይም ከጎንም መረመሩና "እንዴት ነው የሚሠራው?" አሉኝ። "ክቡርነትዎ፣ እሱ አበባ ነው። የእኔ መሣሪያ ጉምሩክ ነው ያለው" አልኩ። ከኋላቸው ያለው ረዳት ወደ ጆሮዬ ቀርቦ "አጠር አድርገው" አለኝ። ከዚህ በላይ እንዴት ይታጠራል? በእጄ አየር ላይ ሳጥን ሣልኩ፣ ቧንቧ ሣልኩ፣ ውሃ ሲፈስ ጭምር በአፌ አሰማሁ። ትልቁ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ "ለአረንጓዴ ልማት ትልቅ አስተዋጽኦ አለው" ብለው አለፉ። ፎቶው ማታውኑ ወጣ፦ "እንግዶቹ የፈጠራ ሥራዎችን ሲጎበኙ"። እሳቸው አበባውን ይጠቁማሉ፣ እኔ አፌን ከፍቼ የውሃ ድምፅ እያወጣሁ ነው። ታላቅ እህቴ ደውላ "ውሃ ነበር የምትለን፣ አበባ መቼ ጀመርክ?" አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ1873 ቪየና ላይ በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ብዙ የውጭ አገር ፈጣሪዎች ሐሳባችን ይሰረቃል ብለው ፈርተው ነበር፤ የፈጠራና የንግድ ምልክት መብትን የሚጠብቀው የፓሪስ ስምምነት በ1883 የመጣው ከዚያ ሥጋት በኋላ ነው። ክቡርነትዎ ይህን ሥጋት ከሥሩ ነቅለውታል። ያልቀረበ ነገር ማን ይሰርቃል?

እስከዚህ ድረስ እየሳቅኩ መጻፍ እችላለሁ። ቀጥሎ ያለው አያስቅም። የአንድ ከተማ ውሃ አገልግሎት የግዢ ኃላፊ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ መሣሪያውን ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ አለ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። ደረሰኙን አሳየሁት፤ ደረሰኝ ግን ቧንቧ አያዳምጥም። አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ የእኔን ዓይነት ሥራ የሚሠራ መሣሪያ ነበር፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ዋጋውም ከእኔ የተወደደ። ኃላፊው እዚያ ቆሞ ብዙ ጠየቀ፣ ካርድ ተለዋወጡ። ያ ሰው አገሩ ከአስተናጋጆቻችን ጋር ይህን ያህል የሚዘመርለት ወዳጅነት የለውም። ማኅደር ሲለዋወጥለት አላየሁም። በኪሱ የነበረው ኤቲኤ ካርኔት የሚባል አረንጓዴ ሽፋን ያለው ሰነድ ብቻ ነው፤ ጉምሩክ ማኅተም መትቶ አሳለፈው።

ስማ እንግዲህ፣ አንተ ወረቀት። ያ አረንጓዴ ሰነድ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ብራስልስ ላይ በተደረገ ስምምነት የመጣ ነው። የንግድ ናሙና፣ የሙያ መሣሪያ፣ ለኤግዚቢሽን የሚሄድ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ካልተመለሰ ዋስ የሆነው ማኅበር፣ አብዛኛውን ጊዜ የንግድ ምክር ቤት፣ ይጠየቃል። ያ ሠራተኛ "እንደሚመለስ በምን አውቃለሁ?" ላለው መልሱ ከስድሳ ዓመት በፊት ተጽፎ አልቋል። ከ70 በላይ አገራት ይቀበሉታል። ሁለቱ ወዳጆችህ ይግቡበት ብለህ አንድ መስመር እንኳ ጽፈሃል? አልጻፍክም። "የጋራ ራዕይ" የሚለውን ግን በየገጹ ደጋግመኸዋል። እኔ ቤቴን አስይዤ የሠራሁትን ዕቃ መጋዘን አስገብተህ፣ ገዢዬን ለጎረቤት አሳልፈህ ሰጥተህ፣ አንተ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ በወርቅ ጽሑፍ ታበራለህ!

አንቱታውን እመልሳለሁ።

ፎረሙ ያለቀው መጋዘኑ በማይሠራበት ቀን ነበርና ሳጥኔ እዚያው ቀረ። አሁን የሚያወጣልኝ ሰው መወከል አለብኝ። ውክልናውን እዚህ ጻፍኩ፤ ሰነድ አረጋጋጩ ፈረመ፤ የአረጋጋጩን ፊርማ ሌላ መሥሪያ ቤት አረጋገጠ፤ የዚያን ማኅተም ትክክለኛነት ሦስተኛው አረጋገጠ፤ አሁን የወዳጅ አገር ኤምባሲ የሦስተኛውን ፊርማ ናሙና ፋይሉ ውስጥ እየፈለገ ነው። እኔ ውክልና መስጠቴን የሚጠራጠር የለም፤ የሚጠራጠሩት እርስ በርሳቸው ነው። ለዚህም መድኃኒት አለው፣ ያውም በዚያው በ1961 የተፈረመ፦ የሄጉ የአፖስቲል ስምምነት። አንድ አገር አንድ የምስክር ወረቀት ይለጥፋል፣ ሌላው ይቀበላል፣ የኤምባሲው ደጅ ጥናት ይቀራል። ከ120 በላይ አገራት አባል ናቸው። እነዚህ ሁሉ አገራት እርስ በርሳቸው ይዋደዳሉ ማለት አይደለም፤ የሌላውን ማኅተም ለማመን ግን መዋደድ አላስፈለጋቸውም። እርስዎ ያሉበት ወዳጅነት ደግሞ ማኅተምን የሚያካትት አይመስልም።

የንግድ ቪዛውን ነገር አላነሳም፤ አንባቢዎቼ የግብዣው ደብዳቤ "ኦርጅናሉ ይምጣ" ሲባል ያውቁታል።

የጋራ የቴክኒክ ኮሚቴዎም እንዲሁ፤ "በስድስት ወር ውስጥ ይቋቋማል" ይላል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር አይልም።

እርስዎን መክሰስ እችል ይሆን ብዬ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን ጠየቅኩት። እ.ኤ.አ. በ1994 ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በኳታርና በባሕሬን ክርክር የሰጠውን ውሳኔ ነገረኝ። በ1990 ሚኒስትሮች የፈረሙበት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነበር። የባሕሬኑ ሚኒስትር አስገዳጅ ስምምነት ልፈርም አላሰብኩም ብለው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ግዴታ ይፈጥራል አለ። የስብሰባ ማስታወሻ እንኳ አገር ያስራል! ደስ ብሎኝ ተነሳሁ። ወዳጄ ግን የመጨረሻ ገጽዎን ገለጠና ጣቱን አስቀመጠበት፦ "ይህ ሰነድ በየትኛውም ወገን ላይ ሕጋዊ ግዴታ አይፈጥርም።" እንደ አስፈላጊነቱ የማይል፣ ጥረት የማያደርግ፣ ቀጥ ብሎ የተጻፈ ብቸኛው አንቀጽዎ እሱ ነው። ምን ዓይነት ጸሐፊ እንደነበረዎት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሲፈልግ ይችላል።

አሁን ደግሞ ሊታደሱ መሆኑን ሰማሁ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጨመርበታል፣ ስታርታፕ ይጨመርበታል፣ "ሥነ ምኅዳር" ከሦስት ቦታ ወደ ሰባት ቦታ ያድጋል አሉ። እንኳን ደስ አለዎት። እኔ የምጠይቀው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፦ ናሙና ይዞ የሚመጣ ሰው የትኛውን ቅጽ፣ በየትኛው መስኮት፣ ለማን እንደሚሰጥና የዚያ ሰው ስልክ። የሚነሣ ስልክ። ይህ ከተጻፈ ባንዲራውንም እስክሪብቶውንም በራሴ ወጪ አቀርባለሁ።

በፊርማ ሥነ ሥርዓቱ ላይ እንድገኝ የተላከልኝ ግብዣም ደርሶኛል። ከታች "የፈጠራ ሥራዎን ይዘው መምጣትዎን አይርሱ" ይላል። አልረሳሁም። የመጋዘን ኪራዩ ከዕቃው ዋጋ ሳይበልጥ ይድረሱልኝ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጋራ የቴክኒክ ኮሚቴው (ሲቋቋም ይሰጠው)
ለመጋዘኑ ሒሳብ ክፍል (እነሱ እንኳ ይመልሳሉ)