«ክሊር ዳታ አድርገው» ሁሌም አይሠራም

ስልክ ሲንቀራፈፍ ወይም ድረ ገጽ አልከፈት ሲል በባሕር ዳር ሞባይል ቤቶች የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «ክሊር ዳታ አድርገው»፤ ማለትም የተቀመጠውን ዳታ ሁሉ አጥፋው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳና ፖሊ ግቢዎች አካባቢ ባሉ የኢንተርኔትና የፕሪንት ቤቶች ግን፣ ማጥፋት ግድ በሆነበት ቦታ፣ የሚያጠፋ ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱም ልማድ መቀየር አለበት።

ብሮውዘር (እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ የምንከፍትበት መተግበሪያ) ከሚያስቀምጠው አንዱ ካሽ ነው፤ የገጹ ምስሎች፣ ፊደላትና የጃቫስክሪፕት ፋይሎች። ሰርቨሩ፣ ማለትም ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ፋይሉን ሲልክ «ማክስ ኤጅ» በሚል ትእዛዝ ዕድሜውን በሰከንድ ይወስናል፤ 31536000 ከሆነ አንድ ዓመት ነው። እስከዚያ ብሮውዘሩ ከራሱ ማከማቻ ያነባል። ዕድሜው ሲያልቅም አብዛኛውን ጊዜ «ተቀይሯል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልተቀየረ 304 የሚል አጭር መልስ ይመጣለታል እንጂ ፋይሉ እንደገና አይወርድም። ዳታ በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። ካሹን ባጠፋ ቁጥር ያንኑ ምስል ደግሞ ይገዛዋል።

ኩኪና ሎካል ስቶሬጅ ሌላ ናቸው። ኩኪ እ.ኤ.አ. በ1994 ኔትስኬፕ በተባለው የብሮውዘር ኩባንያ የተፈጠረ፣ 4 ኪሎባይት ገደማ የሚይዝ ትንሽ ጽሑፍ ነው፤ ሎካል ስቶሬጅ ለአንድ ድረ ገጽ እስከ 5 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የይለፍ ቃል ካስገባን በኋላ ድረ ገጹ የሚለየን በእነዚህ ነው። እነሱ ባሉበት ኮምፒውተር የተቀመጠ ሰው የይለፍ ቃላችንን ማወቅ አያስፈልገውም።

ተመራቂ ተማሪ ጽሑፉን ፕሪንት ለማድረግ ቴሌግራም ዌብ (በብሮውዘር የሚከፈተውን ቴሌግራም) ይከፍታል፣ ኪውአር ኮዱን በስልኩ ያነሳል፣ ፋይሉን ያወርዳል፣ ታቡን ዘግቶ ይሄዳል። ታብ መዝጋት ግን ሎግ አውት (ከአካውንት መውጣት) አይደለም፤ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ያንኑ አድራሻ ሲከፍት የልጁ መልእክቶች ይመጡለታል። ሂስትሪ ብቻ ማጥፋትም አያድንም፤ የሚጠፋው የተጎበኙት አድራሻዎች ዝርዝር ነው። ይህን የረሳ ሰው በስልኩ ቴሌግራም ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ውስጥ ገብቶ ያንን ኮምፒውተር ዛሬውኑ ያስወጣ።

ይህን ጥንቃቄ ለደንበኛው ብቻ መተው ግን ተገቢ አይመስለኝም። ወረፋ የሚጠብቅ ተማሪ ይቸኩላል። የቤቱ ባለቤት ክሮም ላይ ከላይ በቀኝ ያለውን የፕሮፋይል ምልክት ነክቶ «ገስት» (እንግዳ) የሚለውን ቢከፍትና ደንበኛው ሲነሳ የገስት መስኮቶችን ሁሉ ቢዘጋ ኩኪውም ሂስትሪውም አብረው ይጠፋሉ። አንድ መስኮት ሳይዘጋ ከቀረ ግን አይጠፉም። የወረደው ፋይል ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ ዳውንሎድስ ውስጥ ይቀራል፤ ለብቻው መሰረዝ አለበት።

በራስ ስልክ ላይ የተበላሸው አንድ ድረ ገጽ ከሆነ የክሮም ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኦል ሳይትስ ውስጥ የዚያን ገጽ ዳታ ብቻ ማጥፋት ይበቃል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አስቀድሞ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የ«R» ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን ነው፤ ገጹ ካሹን ትቶ እንደ አዲስ ይወርዳል፣ ከአካውንትም አያስወጣም።