ለባለቅኔ አገር መሳል

የልጆች ተረት መጽሐፍ፣ ፖስተር፣ የምግብ ቤት ታፔላ፣ ብቻ ያልሳልኩት ነገር የለም፣ የምኖረው ደሞ ባህር ዳር ነው። ይሄን የሰማ ሰው ሁሉ "ኢንስፒሬሽንህን ከየት ነው ምታመጣው?" ይለኛል፣ ከዛ መልሱንም ራሱ ይመልሰዋል፣ "መቼም ጣና ዳር ቁጭ ብለህ…" ብሎ። ጣና ዳርማ ቁጭ ብዬ አሳ ነው ምበላው! የምስለው ቤቴ ነው፣ በፒጃማ፣ መብራት ሳይጠፋና ታብሌቱ ሳይዘጋብኝ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ።

እውነቱን ለመናገር ሀሳብ ሚመጣልኝ ክላየንቱ "የት ደረሰ?" ብሎ ሲደውል ነው። "እያለቀ ነው" እለውና ስልኩን ዘግቼ እርሳስ ፍለጋ እነሳለሁ። መጀመሪያ የክብሪት ሳጥን የምታክል ስኬች፣ አስር ቦታ፣ አስሩም አስቀያሚ፣ ከዛ ትንሽ የሚሻለውን ታብሌት ላይ አንስቼ መስመሩን ለብቻ ቀለሙን ለብቻ በየሌየሩ እሰራለሁ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ለሰው ማሳየት ነው፣ ምክንያቱም ጎጃም ነው ያለሁት። ከዋሸራ እስከ ጎንጅ ቅኔ ሲቆጠር ሲዘረፍ በኖረበት አገር ስዕል የሚያይ ሰው የለም፣ ሁሉም ወርቁን ነው ሚፈልገው። አህያ ስለህ አህያ ነው ብትል ማን ያምንሃል? አንዴ ለተረት መጽሐፍ አያ ጅቦን ሳልኩ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ፣ ከፊት ጥርሱ አንዷ የጎደለች። አጎቴ መነጽሩን ወልውሎ ወልውሎ አየውና ድምጹን ዝቅ አርጎ፣

"የእድራችን ዳኛ ነው አደል?"

"ኧረ ጋሼ፣ ጅብ ነው!"

"እሱማ ሰሙ ነው" አለኝ።

በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል። የእድሩ ዳኛ ከዛ ወዲህ ሰላም ሲሉኝ ከንፈራቸውን ገጥመው ነው፣ ጥርሳቸው ሙሉ ይሁን ጎዶሎ እስካሁን ማረጋገጥ አልቻልኩም።

ደሞ አዲስ ነገር አደለም እኮ። በ15ኛው መቶ ዘመን ከቬኒስ የመጣው ብራንካሊዮን፣ ጎጃም ድረስ ዘልቆ የሳለው ሰውዬ፣ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ ሳላት ተብሎ፣ እንዴት በግራ ይሆናል የሚል ትልቅ ሁከት ተነስቶ ንጉሡ ናቸው ያዳኑት ይባላል። እኔን ሚያድነኝ ንጉሥ የለም፣ "ሪቫይዝ አርገው" ነው ያለው።

ከየት ትሰርቃለህ ብባል ግን አልደብቅም፣ ከዘጌ ነው። በጀልባ ሄደህ፣ በቡና ዛፉ ውስጥ ትንሽ ወጣ ብለህ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገባ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከታች ስዕል ነው። የጥንቶቹ ሰዓሊዎች ደግ ሰው ፊት ለፊት ነው ሚስሉት፣ ሁለቱም ዓይኑ ቦግ ብሎ ያይሃል። ክፉውን ግን ወደ ጎን ያዞሩታል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ስድብ የለ፣ ክስ የለ፣ አንዲት ዓይን ቀንሰህ የሰውየውን ሥራ ሁሉ ትናገራለህ፣ እኔ ከዚህ የበለጠ ብልሃት አላየሁም። እና ተጠቀምኩበት።

አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ቀብድ ሰጥቶኝ ቀሪውን ሰኞ እያለ ሰኞን ሁሉ ጨረሰብኝ። ያዘዘኝ ራሱ እንግዳ ሲያስተናግድ የሚያሳይ የግድግዳ ፖስተር ነበር። ሳልኩለት፣ ነጠላው አምሮ፣ መሶቡ ሞልቶ፣ እሱ ብቻ ወደ ጎን ዞሮ። ወሰድኩለት። ዝም ብሎ አየው፣ ቆየ።

"አንዷ ዓይኔስ?"

"ወደ መሶቡ ዞረው ስለሆነ ነው ጋሼ።"

"እንግዶቹ በሙሉ ሁለት ሁለት ዓይን አላቸው" አለ፣ በጣቱ እየቆጠረ፣ "አስተናጋጇ ሁለት፣ በር ላይ የቆመችው ዶሮ እንኳ ሁለት። ልጄ፣ እኔ እኮ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሬ ነው ንግድ የገባሁት።"

አሁን እሱ ዓይኗን ካልጨመርክ አልከፍልም ይላል፣ እኔ ብሩ ካልገባ ዓይን የለም እላለሁ። ፖስተሩ ባንኮኒው ጀርባ ተሰቅሏል፣ ተመጋቢው እንጀራውን እየጎረሰ ወርቁን ይፈታል፣ ገበያውም ደርቶለታል አሉ።