ለንደን በመጽሐፍ፣ ጎንደር በመጽሐፍ

የአክስቴ ልጅ ለአጭር ስልጠና ከጎንደር ለንደን ሊመጣ ነው፣ ቪዛው ወጥቶለታል፣ እና ቴሌግራም ላይ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ብርዱም ስለ ምግቡም አይደለም፣ «ወንድምዓለም፣ የቱሪስት መመሪያ መጽሐፍ ልግዛ ወይስ አንተ ትበቃኛለህ?» ነው ያለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ አልበቃውም። መጽሐፉም አይበቃውም፣ ግን በየት በኩል እንደማይበቃው ነው ነገሩ።

እኔ የማውቀው ለንደን ምንድነው? ወደ ሥራ የሚወስደኝ አውቶቡስ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ርካሽ ካፖርት የሚገኝበት ሰፈር፣ በቃ። ታወር ኦፍ ለንደን የሚሉትን የድሮ ግንብ በውጭ በኩል ነው የማውቀው፣ የመግቢያውን ዋጋ አይቼ ወዲያው ወደ ወንዙ ዞሬ ፎቶ የተነሳሁ ሰው ነኝ። ጎንደርም እኮ እንደዚሁ ነን። ፒያሳ ማኪያቶውን እየጠጣ የግንቡን አናት ሲያይ የሚውል ሰው ግቢው ውስጥ የገባው ተማሪ እያለ ነው፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክትም የሚያውቃቸው በካላንደር ነው። ፈረንጁ ግን ከአዘዞ ኤርፖርት በወረደ ማግስት መጽሐፉን በብብቱ ይዞ አንገቱን ቀና አድርጎ አንድ በአንድ ሲያያቸው ታገኘዋለህ። በዚህ በኩል መጽሐፍ ነዋሪን ይበልጣል፣ ማፈር ካለብን እንፈር።

እና የቆመ ነገር ላይ መጽሐፉን አምነዋለሁ። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 አካባቢ መቆርቆራቸው (ዓ.ም. ካላልኩ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ዩኔስኮ ግቢውን በ1979 መመዝገቡ፣ ድሮ በታተመውም ዘንድሮ በታተመውም ያው ነው። ጣጣው የሚንቀሳቀሰው ነገር ላይ ነው፣ ዋጋ፣ ሰዓት፣ ትራንስፖርት። የለንደን አውቶቡስ ካሽ መቀበል ያቆመው በጁላይ 2014 ነው፣ ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ አምኖ ሳንቲም ቆጥሮ የተሰለፈ እንግዳ ሹፌሩ ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል። ኤልሳቤጥ ላይን የሚሉት ባቡር ዲሴምበር 2018 ሥራ ይጀምራል ተብሎ የጀመረው ሜይ 2022 ነው፣ እንግዲህ በመሃል የታተመ መጽሐፍ ምን ይበል? የኛም አይብስም እንዴ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል በብር የተጻፈ የሆቴል ዋጋ ሁሉ ተረት ሆነ። ጠዋት ከጎንደር ወደ ደባርቅ መኪና አለ የሚለውማ ይቅር፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ የሚለውን መናኸሪያ ሄደህ ካልጠየቅህ የሚነግርህ መጽሐፍ የለም።

ይሄ ሁሉ የጸሐፊው ስንፍና ነው ማለቴ አይደለም። ሰውየው ይዞራል፣ ይጽፋል፣ ይታረማል፣ ይታተማል፣ ሱቅ ይገባል፣ ከዚያ የሚቀጥለው እትም እስኪወጣ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስንፍናም ግን አለ። በ2008 ቶማስ ኮንስታም የተባለ የሎንሊ ፕላኔት መመሪያ መጽሐፍ ጸሐፊ ስለ ኮሎምቢያ የጻፍኩት ኮሎምቢያ ሳልሄድ ነው ብሎ ጉድ ተብሎ ነበር፣ አሳታሚው ደግሞ የተቀጠረው የታሪኩን ክፍል እንዲጽፍ ስለሆነ መሄድም አይጠበቅበትም ነበር ብሎ መለሰ። እኔን የገረመኝ መልሱ ነው።

ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ የባሰ ነው። የለንደን መጽሐፍ ሽፋን ያው ቢግ ቤን ነው አይደል? ማማው ከ2017 ጀምሮ ለእድሳት ዓመታት በብረት መወጣጫ ተሸፍኖ ደወሉም ዝም ብሎ ነበር፣ እንደ ድሮው ሰዓት ሰዓቱን መደወል የጀመረው ኖቬምበር 2022 ነው፣ እና በዚያ መሃል ከዓለም ዳር የመጣ ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሽፋኑን ከብረቱ ጋር ሲያስተያይ ይውል ነበር። የኛ ቢግ ቤን የፋሲል መዋኛ ነው። ሽፋኑ ላይ ውሃው ጢም ብሎ፣ ጎረምሳው ከግንቡ ላይ ዘሎ አየር ላይ እያለ ነው የሚያሳዩት። ውሃው ግን ከቀሐ ወንዝ ተስቦ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ፈረንጁ ሚያዝያ ላይ ፎቶውን ይዞ ይመጣና ደረቅ ጉድጓድ፣ ጥግ ላይ የተከመረ ቅጠል፣ የአጥሩን ድንጋይ እንደ እባብ የተጠመጠመበት የዛፍ ሥር ያገኛል፣ እኔን ከጠየቅኸኝ የዛፉ ሥር ከውሃው ይበልጥ ማየት ያምራል ግን እሱ የከፈለው ለውሃው ነው። አስጎብኚውም «በጥር ና» ከማለት ሌላ ምን ይመልስ።

በጥር ሲመጣም ሌላ ጣጣ አለ። መጽሐፉ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ነው ይለዋል። ጥር 11 ግን ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት ዓመት ጃንዋሪ 20 ላይ ነው የሚውለው፣ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። እሱ ይቅር፣ አንድ ቀን ነው፣ ዋናው ነገር ከተራውን ማጣቱ ነው፣ ታቦታቱ በእልልታና በሆታ ወደ መዋኛው የሚወርዱት በዋዜማው ነው፣ በበዓሉ ዕለት ጠዋት የሚያርፍ እንግዳ ያን ሁሉ ሳያይ ሻንጣውን አዘዞ ቆሞ ይጠብቃል።

መጽሐፉ ሲያልቅበት ሰው መጠየቅ ነው። ጎንደር ላይ የተጠየቀ ሰው አላውቅም ማለት ነውር ይመስለዋል፣ «ይችው፣ ቅርብ ናት» ይልና ዳገት ያስወጣሃል፣ ወይ ደግሞ ሥራውን ትቶ ራሱ ያደርስህና ሳትጠጣ አትሄድም ብሎ ቡና ያስፈላልሃል። ለንደን ላይ ሰው ጆሮው ውስጥ ኢርፎን ነው፣ ብታስቆመውም ሶሪ የሰፈሩ ሰው አይደለሁም ብሎ ያልፋል፣ ሁለት በር አልፎ ቤቱ ሲገባ ብታየው አይግረምህ። እዚህ ስትሆን መጽሐፍ ዘመድ ይሆናል። ከሌስተር ስኩዌር ኮቨንት ጋርደን በባቡር አትሂድ፣ መንገዱ 260 ሜትር ገደማ ነው፣ ኮቨንት ጋርደን ላይ ሊፍቱን ትተህ ደረጃውን እወጣለሁ ካልክ ደግሞ 193 ነው የሚል ጥሩ መጽሐፍ ሞልቷል። ጎንደሬ ዳገት አይፈራም፣ ግን ለምን?

ስለ ጎንደር የተጻፈ አለመታመኑም ዛሬ አልተጀመረም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሰንብቶ፣ አገሩ ተመልሶ መጽሐፉን በ1790 ሲያሳትም ብዙዎች ሳቁበት፣ ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ማለቱ ፈጠራ ነው ተባለ። ጥሬ ሥጋ! የዓባይን ምንጭ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ ያለውን ግን እስከዛሬ የሚደግምለት አለ፣ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቀድሞት ደርሶ እያለ (የምንጩ አገር የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት እዚያው ከብት ያጠጣ ነበር)። ጣሊያንም በ1938 ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ወፍራም መመሪያ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፣ ጎንደርም አለችበት፣ ኖቬምበር 1941 እዚያችው ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ መጽሐፉ ቀረ እንጂ ግዛቱ የለም።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ መጽሐፉን ይዞ መጣ እንበል። ሳውዝ ኬንዚንግተን ሄደህ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ግባ፣ መግቢያው ነጻ ነው ይለዋል፣ ልክ ነው። እዚያ ቤት ከመቅደላ የመጣ የወርቅ ዘውድ አለ፣ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም እንዳሠሩት ነው የሚታመነው፣ ይሄ ልጅ እኮ ቁስቋምን ዳገቱ ላይ እያያት ነው ያደገው፣ እናቱ ስትሳል የኖረችበት ደብር ነው። መጽሐፉ ግን የተጻፈው ለሱ አይደለም፣ የሚጻፍለት አንባቢ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ዘውዱ አንድ መስመር ካገኘ እድለኛ ነው። እንዴት እዚያ ደረሰ ብሎ ቢጠይቀኝ ሙሉውን ነው የምነግረው፣ በ1866 ጎንደርን አስዘርፈው የአብያተ ክርስቲያናቱን ንብረት ወደ መቅደላ ያስጫኑት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው፣ በ1868 ደግሞ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከመቅደላ ወደዚህ ጫነው። እንግሊዝን ስንወቅስ የመጀመሪያውን ጭነት መዝለል እንወዳለን። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት ግን ማንም መጽሐፍ ሊያሳየው አይችልም፣ ለሕዝብ አይታዩም፣ ሠራተኞቹም ራሳቸው አያዩዋቸውም፣ ይሄ እንኳ ደግ አደረጉ።

ጾሙም እንደዚሁ ነው። የጎንደር መጽሐፍ ረቡዕና ዓርብ የጾም በያይነቱ እዘዝ ብሎ ፈረንጁን አስጠንቅቆ ይልከዋል፣ የለንደኑ ግን የሚጾም እንግዳ ይመጣል ብሎ አላሰበም፣ ቪጋን የሚለው ገጽ ላይ ፈልግ፣ ዋጋውን አትይ።

ለማንኛውም አትግዛ አልኩት። የሰፈሬ ላይብረሪ የለንደን መመሪያ በሽ በሽ ነው፣ በነጻ አወጣለታለሁ፣ የታተመበትን ዓመት መጀመሪያ ገልጠን እናያለን፣ ከ2022 በፊት ከሆነ የትራንስፖርቱን ክፍል አንከፍተውም። ያገር ቤት ባንክ ካርድ ባቡር ጣቢያው በር ላይ እምቢ ሊል ስለሚችል ኦይስተር የሚሉትን የለንደን ትራንስፖርት ካርድ አዘጋጅቼለታለሁ፣ በአውቶቡስ ከሆነ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢቀያይርም የአንዱን ብቻ ነው የሚቆርጡት። ዘውዱ የትኛው ክፍል እንዳለ ከመሄዳችን በፊት ሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ እይ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው የምንሄደው፣ እሁድ ደግሞ አንዱ የባቡር መስመር ለጥገና መዘጋቱ አይቀርም፣ የትኛው እንደሆነ ዓርብ ማታ አይቼ እነግርሃለሁ ብዬዋለሁ።