እርማት፦ ሩት ነጋ በአንድ ፊልም ብቻ ዝነኛ አልሆነችም

ወንድምዓለም፣ ለደብረ ማርቆስ ወጣቶች «ሩት ነጋ መድረክ ሳትረግጥ በመጀመሪያ ፊልሟ ኦስካር በላች፤ ትያትር ጊዜ ማባከን ነው» ብለህ ያካፈልከው ወሬ እኛ ጎጃምም ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። ግን ስህተት ነው።

ሩት አዲስ አበባ ተወልዳ አየርላንድ ያደገች ተዋናይት ናት። ትወናን በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተምራለች፤ ጅማሬዋም መድረክ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ» በተባለው ፊልም ላይ ታየች። በ2010 ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ትያትር በ«ሐምሌት» ኦፊሊያን ተጫወተች፤ ሼክስፒርን እዚያ መድረክ ላይ መጫወት እንግዲህ የጀማሪ ሥራ አይደለም! በ2011 ደግሞ በቢቢሲ ፊልም ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ሠራች። መሃል መሃል ላይ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎች ነበሩ፣ ብዙዎቹ በዋና ሚና አይደለም።

ሁሉም የሚያወራለት ፊልም፣ «ላቪንግ»፣ የመጣው በ2016 ነው። በ2017 ለምርጥ ተዋናይት ኦስካር ታጨች እንጂ ሽልማቱን የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት።

ብቻ «ትያትር ጊዜ ማባከን ነው» የሚለውን አጥፋልን። ልጆቹ ከኪነት ቡድኑ ልምምድ መቅረት ጀምረዋል።